ከአስፋልቱ በፊት ውኃው

በዋግ ኽምራ የመንገድ ነገር በተነሳ ቁጥር የንግግሩ መጨረሻ አስፋልት ነው። ከኮረም ወደ ሰቆጣ የሚገባው፣ ከገሸና ተነስቶ በላሊበላና በቢልባላ የሚመጣው፣ ከሰቆጣ ወደ ዝቋላና ወደ አበርገሌ ቆላ የሚወርደው መስመር ሁሉ የሚለካው በአንድ ጥያቄ ነው፤ አስፋልት ለብሷል ወይስ አልለበሰም? የጥያቄው ፍትሐዊነት አያከራክርም። መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል በዚህችው ከተማ ስም «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሏል፤ ምግብና መድኃኒት የሚገባበት፣ ምጥ የያዛት እናት ወደ ሆስፒታል የምትደርስበት መንገድም የዚያ ቃል አካል ነው። ችግሩ ከጥያቄው ጋር ተጣብቆ የሚሄደው እምነት ነው። የመንገድን ዕድሜ የሚወስነው የአስፋልቱ ውፍረትና ጥራት ነው ይባላል፤ መንገድ በሁለትና በሦስት ዓመቱ ከፈረሰ ሬንጁ ተሰርቋል፣ ንጣፉ ሳስቷል፣ መድኃኒቱም ወፈር ያለ አስፋልት ነው ይባላል። በሻይ ቤትም በስብሰባ አዳራሽም የሚደመጠው ይኸው ነው። ይህ እምነት ስሕተት ነው ብዬ እከራከራለሁ። እንደ ዋግ ባለ ተራራማ፣ አፈሩ ታጥቦ በተራቆተ አገር ደግሞ ጎጂም ነው፤ ገንዘቡንም የሕዝቡንም ዓይን መንገዱ ከማይሞትበት ቦታ ላይ ይተክለዋልና። መንገድን የሚገድለው ውኃ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣበትም ከጎንና ከሥር ነው።

ነገሩ የሚገባን የመንገዱን አሠራር ስናይ ነው። ዓይናችን የሚያየው ጥቁር ንጣፍ ብዙ ጊዜ ከአምስት እስከ አሥር ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። የመኪናውን ክብደት ተቀብሎ ወደ መሬት የሚያከፋፍለው ከሥሩ ያለው የተፈጨ ድንጋይ፣ ከድንጋዩ ሥር ያለው ገረጋንቲ፣ በመጨረሻም የተጠቀጠቀው የቦታው አፈር ነው። ድንጋዩ የሚሸከመው አንዱ ከአንዱ ተቆላልፎ ነው። በመካከሉ ውኃ ሲሞላ ቁልፉ ይላላል። ጎማ በላዩ ባለፈ ቁጥር የተጨነቀው ውኃ መውጫ ይፈልጋል፤ ሲወጣም ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። ሥሩ የተቦረቦረው ጥቁር ንጣፍ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ ቀጥሎ እየተቆራረሰ ይነሳል፣ ጉድጓድ ይሆናል። አላፊ አግዳሚው ጉድጓዱን ያይና አስፋልቱን ይወቅሳል፤ አስፋልቱ ግን የሞተው ከታች ያለው ከሞተ በኋላ ነው። አስፋልት ለመንገድ ጣራ ነው፤ ዝናብ ያስቀራል እንጂ ቤቱን አያቆምም። ሬንጅ ራሱ ያረጃል፣ ይህ እውነት ነው። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ናት፤ በእንዲህ ያለ ከፍታ ፀሐዩ ብርቱ ነው፣ የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ብርድም ይራራቃሉ፤ ሬንጁ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይደርቃል፣ በጊዜ ብዛትም ይሰነጠቃል። ነገር ግን ደረቅ ስንጥቅ በጊዜው ሬንጅ ቢፈስበት ይደፈናል። ገዳይ የሚሆነው ሳይደፈን ሐምሌ ሲደርስበት ነው።

ለዚህ ትልቁ ማስረጃ የተገኘው በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ድረስ ውፍረታቸው የተለያየ የሙከራ መንገዶች ተሠርተው የጭነት መኪናዎች ያለማቋረጥ ተመላለሱባቸው። የዛሬው የዓለም የመንገድ ንድፍ ስሌት ብዙው ከዚያ ሙከራ የተቀዳ ነው። በሙከራው ጉዳቱ በዓመቱ ወራት እኩል አልተከፋፈለም፤ ብዙው የደረሰው በረዶው ቀልጦ መሬቱ ውኃ በጠገበበት በጸደይ ወቅት ነበር። አስፋልቱ ያው ነው፣ መኪናውም ጭነቱም ያው ነው፤ የተለወጠው ከሥር ያለው መሬት ነው። እኛ የሚቀልጥ በረዶ የለንም። ሐምሌና ነሐሴ ግን አሉን።

እዚህ ላይ ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። ዋግ እኮ ደረቅ አገር ነው፤ ዝናብ እያጠረው ሰብል የሚጠወልግበት፣ ድርቅ የሚመላለስበት ምድር እንዴት መንገዱ በውኃ ይፈርሳል? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ያለው ግን ዝናቡ በዓመት ስንት ነው በሚለው ሳይሆን እንዴት ይወርዳል በሚለው ላይ ነው። የዋግ ዝናብ ብዙው በሁለት ወር ይጠናቀቃል፤ ሲጥልም ብዙ ጊዜ በአጭር ሰዓት ተዘርግፎ ነው። የሚወርድበት ተዳፋት ለዘመናት ታርሶና ተመንጥሮ አፈሩ የሳሳ፣ በየቦታው አለቱ የወጣ ነው። የሚያዘገየው ደንም የሚጠጣው ጥልቅ አፈርም ስለሌለ ውኃው ወዲያው ጎርፍ ይሆናል፤ ድንጋይና ደለል እየገፋም ይመጣል። ካልቨርት፣ ማለትም ውኃ በመንገዱ ሥር የሚያልፍበት ቱቦ፣ የሚሰፋው ለዓመቱ ጠቅላላ ዝናብ ሳይሆን ለዚያች ክፉ ሰዓት ነው። ድርቀቱ ሌላም ጉዳት አለው፤ ሰውን ያዘናጋል። በዓመቱ አብዛኛው ወር ደርቆ የሚታይ ካልቨርት ትርፍ ወጪ ይመስላል። በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚቀነሰው እሱ፣ ቀጥሎም በድንጋይ የሚገነባው የውኃ መውረጃ ቦይ ነው። የአስፋልቱ ኪሎ ሜትር ግን አይቀነስም፤ ለምረቃ የሚቆጠረው እሱ ነውና።

ተዳፋትን በወገቡ ቆርጦ የሚያልፍ መንገድ በውኃው ላይ የሚያደርገውን ልብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከመንገዱ በፊት ዝናቡ በብዙ ትናንሽ ፈለጎች ተከፋፍሎ ይወርድ ነበር። መንገዱ ሲመጣ እነዚያን ሁሉ በላይኛው ጎኑ ባለው ቦይ ሰብስቦ በአንድ ካልቨርት ያስወጣቸዋል። በካልቨርቱ አፍ የሚወጣው ውኃ እንግዲህ የድሮው ውኃ አይደለም፤ የአንድ ኮረብታ ሙሉ ጎርፍ ነው። ከታች ያለውን ማሳ ይሰነጥቀዋል፤ ቦረቦር ይጀምራል። ቦረቦር ደግሞ ወደ ላይ እየበላ የሚሄድ ነገር ነው፤ ከዓመት ዓመት ሽቅብ ተጉዞ የካልቨርቱን መውጫ፣ ከዚያም የመንገዱን ሙሌት ይደርስበታል። በዚህ መካከል ባለ ማሳው ገበሬ አለ። ያለችው ጠባብ መሬት ዓይኑ እያየ በጎርፍ ስትሄድ የካልቨርቱን አፍ በድንጋይ ቢደፍን ምን ያስገርማል? ውኃው መሄጃ ሲያጣ በቦዩ ላይ ይተኛል፣ ወደ መንገዱ ትከሻ ይወጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ድንጋዩ ንጣፍ ይሰርጋል። ከዚያ በኋላ አስፋልቱ አምስት ሴንቲ ሜትርም ይሁን አሥር ልዩነቱ የጥቂት ክረምት ነው። ገበሬውን የመንገድ ጠላት አድርገው የሚናገሩ ባለሥልጣናት አሉ። ጥፋቱ ግን ንድፉን ካልቨርቱ አፍ ላይ ያቆመውና ውኃው ከዚያ ወዲያ የት ይሄዳል ብሎ ያልጠየቀው ባለሙያ ነው።

ይህ ነገር በዋግ ልዩ ክብደት አለው፤ መንገዱን የሚያፈርሰው ውኃ ገበሬው አንጋጦ የሚለምነው ውኃ ነው። በትግራይና በአማራ ክልሎች ከመንገድ የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ኩሬ፣ ወደ ማስረጊያ ጉድጓድና ወደ ማሳ የመምራት ሥራ ባለፉት ዓመታት ተሠርቶበታል። አሠራሩ ረቂቅ አይደለም። ውኃው በአንድ ካልቨርት ከሚጠራቀም በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ እንዲወጣ ይደረጋል፤ መውጫው በድንጋይ ይነጠፋል፤ ከመውጫው በታችም ውኃው የሚያርፍበት ይዘጋጃል። ከካልቨርቱ ውኃ የሚጠቀም ገበሬ ካልቨርቱን አይደፍንም፤ ይጠርገዋል እንጂ። ለመንገዱ ከዚህ የረከሰ ጥገና አይገኝም። የዋግ ሕዝብ በየዓመቱ በበጋ ወራት ለተፋሰስ ሥራ ይወጣል፤ እርከን ይሠራል፣ ክትር ይክትራል። ነገር ግን እርከኑን የሚያቅደው የግብርና መሥሪያ ቤት ነው፣ መንገዱን የሚያቅደው የመንገድ መሥሪያ ቤት፤ ሁለቱ ካርታዎች በአንድ ጠረጴዛ ላይ አይዘረጉም። በዚህ የተነሳ አስፋልቱ የሚያልፍበት ኮረብታ ራቁቱን ሳለ ከመንገዱ ርቆ ያለው ሊታከም ይችላል።

ጥሩ አስፋልት ብቻውን ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሆነ ለማየት የዓባይን በረሃ ማሰብ ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወርደውና የሚወጣው መንገድ በጃፓን እርዳታ እንደገና ተሠርቷል፤ አዲሱ ድልድይም እ.ኤ.አ. በ2008 ተከፍቷል። ሥራው ተልከስክሷል የሚል ብዙ አልተሰማም። እንዲያም ሆኖ በሸለቆው ውስጥ ያለው ንጣፍ ከቦታ ቦታ ይሰምጣል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ተዳፋቱ ራሱ መንቀሳቀሱ ነው። ዝናቡ ወደ መሬት ሰርጎ ሸክላማውን ንጣፍ ሲያለሰልሰው ከላዩ ያለው ድንጋይና አፈር ቁልቁል ይንሸራተታል፤ መንገዱንም ይዞት ይሄዳል። ጃፓኖቹ ከኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ጋር ሆነው በኋላ ያጠኑት የመሬት መንሸራተቱን እንጂ ሬንጁን አልነበረም። ከዋግ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ የሚወርዱ መስመሮች ከ2,000 ሜትር በላይ ካለ ከፍታ ተነስተው ቆላ የሚገቡ ናቸው። መንገዱ በተረተር ይሂድ ወይስ በተዳፋት ወገብ፣ ተቆርጦ የሚቆመው ግድግዳ ምን ያህል ይጋደም፣ ከግድግዳው የሚመነጨው ውኃ በምን ይወገድ የሚሉት ውሳኔዎች የመንገዱን ዕድሜ የሚቆርጡት ገና አንድ በርሜል ሬንጅ ሳይሞቅ ነው።

ወፍራም አስፋልት የሚሉ ወገኖች የሚወዱት አንድ ምሳሌ አለ፤ የጣሊያን መንገድ። ከአላማጣ ወደ ኮረም በግራካሱ የሚወጣውን ጠመዝማዛ መንገድ ያየ ሰው «ፋሺስት በአምስት ዓመት የሠራው እስከ ዛሬ አለ፣ የእኛ በሦስት ዓመት ይፈርሳል» ማለቱ የተለመደ ነው። በዚያ አሠራር የሚደነቅ ነገር አለ፤ የሚደነቀው ግን በእጅ የተደረደረው የድንጋይ መሠረት፣ የግንቡ ድጋፍና የውኃ መውረጃው ነው። የቀረው የዚህ ወሬ ክፍል ታሪኩን አያውቅም። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ጠጋኝ ያጣው ያ መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ክፉኛ ተጎዳ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1950 ከዓለም ባንክ የመጀመሪያ ብድሯን ስትወስድ 5 ሚሊዮን ዶላሩ ለመንገድ ነበር፤ በ1943 ዓ.ም. የተቋቋመው የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ዋና ሥራም የተበላሹትን እነዚያን መንገዶች መልሶ ማቆም ነበር። እስከ ዛሬ ያለው እንግዲህ ጣሊያን ያነጠፈው አስፋልት አይደለም። የቀረው መስመሩ፣ ግንቡና የውኃ መውረጃው ነው፤ በላዩ ያለው ጥቁር ነገር ደጋግሞ ተነጥፏል። ምሳሌው የሚመሰክረው ለእኔ ክርክር ነው።

ስለ ጭነት ግን ተቃዋሚዎቼ ከፊል እውነት ይዘዋል። የሀገራችን የመንገድ ንድፍ መመሪያ የመኪናን ጉዳት የሚለካው በአንድ መደበኛ አክስል፣ ማለትም በ8.16 ቶን ነው፤ ክብደቱ ሲጨምር ጉዳቱ በእጥፍ በእጥፍ ይባዛል። የአንድ አክስል ጭነት እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ ከ16 እስከ 22 እጥፍ ይሆናል። ሠላሳ በመቶ ትርፍ መጫን ብቻ የመንገዱን ፍጆታ ሦስት እጥፍ ያህል ያደርሰዋል። ስለዚህ «በዋግ ስንት መኪና ያልፋል?» ብሎ መንገዱን አቃልሎ መንደፍ አያስኬድም፤ ሺህ ባጃጅ ምንም አያደርግም፣ እህልና ሲሚንቶ ከልክ በላይ የጫኑ ጥቂት ተሳቢዎች ግን ይጨርሱታል። በአካባቢው ያለው የብረት ማዕድን በስፋት ቢወጣ ደግሞ ነገሩ ሌላ ይሆናል። እዚህ ላይ ውፍረት ያስፈልጋል። የሚያስፈልገው ውፍረት ግን በቅድሚያ የድንጋዩ ንጣፍ ነው፤ ድንጋይ ደግሞ ዋግ ከምንም በላይ ያላት ነገር ነው፣ ሬንጅ ግን በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ የሚገባ ነው። በዚያ ላይ ያው ተሳቢ በጥር በደረቅ መሬት ላይ ሲያልፍና በነሐሴ ውኃ በጠጣ መሬት ላይ ሲያልፍ የሚያደርሰው ጉዳት አይገናኝም።

ስርቆቱስ? በመንገድ ሥራ ማጭበርበር የለም አልልም። አለ፤ ሲኖርም ይገድላል። በሚገባ ያልተጠቀጠቀ አስፋልት በውስጡ የሚቀረው ባዶ ቦታ ከሰባት በመቶ ካለፈ በእያንዳንዱ ተጨማሪ መቶኛ ዕድሜው በአሥር በመቶ ገደማ እንደሚያጥር በውጭ አገር የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል። ለምን ያጥራል ብለን ብንጠይቅ መልሱ ወደዚያው ይመልሰናል፤ በባዶ ቦታው አየርና ውኃ ስለሚገባ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ቁጥጥሩ ነው። የአስፋልትን ውስጥ የሚያውቀው ቤተ ሙከራ ብቻ ነው፤ ናሙና ቆፍሮ የሚያወጣ መሣሪያ ይፈልጋል፣ ውጤቱም በተቋራጩና በአማካሪ መሐንዲሱ መካከል የሚቀር ወረቀት ነው። ሕዝቡ «ሬንጁ ተሰረቀ» ሲል የሚናገረው ማረጋገጥ ስለማይችለው ነገር ነው፤ በቀላሉም ዝም ይሰኛል። የውኃ መውረጃ ግን በግልጽ የሚታይ ነው። ከመጀመሪያው ዶፍ በኋላ በመንገዱ ዳር የሄደ ማንኛውም ሰው ውኃ የተኛበትን ቦይ፣ አፉ በደለል የተሞላውን ካልቨርት፣ መውጫው ድንጋይ ያልተነጠፈበትን ቦታ አይቶ በጣቱ ሊያመለክት ይችላል። የአስፋልት ውፍረት ላይ የተተከለ ክርክር ሕዝቡን ከዳኝነቱ ያስወጣዋል፤ የውኃው ክርክር ዳኛ ያደርገዋል።

ሌላው ተቃውሞ ስሜትን የሚነካ ነው። ዋግ ለዘመናት ተረስቶ ኖሯል፤ በሰሜኑ ጦርነትም ተጎድቷል፤ አሁን አስፋልት ሲጠይቅ ስለ ቦይና ስለ እርከን መስበክ ሁለተኛ ደረጃ መንገድ ውሰዱ ማለት ነው ይባላል። አይደለም። ጠጠር መንገድ ይበቃችኋል የሚል ክርክር የለኝም፤ እንዲያውም በቀጥ ያለ ዳገት ላይ ጠጠር ከሁሉ የከፋ ምርጫ ነው፣ በየክረምቱ ታጥቦ ይሄዳልና። የምለው ሌላ ነው። በቀን ከ300 በታች ተሽከርካሪ በሚያልፍባቸው መስመሮች በደንብ በተጠቀጠቀ የድንጋይ መሠረት ላይ ሬንጅ ተረጭቶበት ጠጠር የሚነጠፍበት፣ ያም የሚደገምበት ስስ ንጣፍ በዓለም ዙሪያ የተፈተነ ነው፤ የእኛም የንድፍ መመሪያዎች ይቀበሉታል። ጥቁር ነው፣ አቧራ የለውም፣ ዝናብም አያስገባም። ከወፍራሙ አስፋልት የሚተርፈው ገንዘብ ወደ ካልቨርትና ወደ ድጋፍ ግንብ ቢገባ ዋግ የሚያገኘው በነሐሴ የማይቆረጥ መንገድ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ማለት በምረቃው ቀን አምሮ ታይቶ በሦስተኛው ክረምት አንቡላንስ የማያሳልፍ መንገድ ነው።

ጥገናን በተመለከተ ክርክሩ አጭር ሊሆን ይችላል፣ ማስረጃው ያለቀለት ስለሆነ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ጥናት በ85 ታዳጊ አገሮች 45 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ መንገድ በጥገና እጦት መበላሸቱን፣ በጊዜው ቢጠገን ግን ከ12 ቢሊዮን በታች ይበቃ እንደነበር አሰላ። ኢትዮጵያ በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድን በአዋጅ ስታቋቁም ይህን ተረድታ ነበር። በዚያው ጊዜ ከ26,000 ኪሎ ሜትር ጥቂት ብልጫ የነበረው የአገሪቱ መንገድ በሃያ ዓመት ውስጥ ከአራት እጥፍ በላይ ሆነ፤ የጠጋኙ አቅም ግን በዚያ ልክ አላደገም። በዋግ ጥገና ማለት በቅድሚያ ሬንጅ ማፍሰስ አይደለም። በሰኔ መግቢያ ቦይና ካልቨርት መጥረግ ነው፤ አካፋና የየቀበሌው ወጣት ለአንድ ሳምንት የሚከፈለው ደሞዝ ይበቃዋል። ይህ በእቅድና በውል ካልተያዘ የሚሠራው የለም።

ስለዚህ ለሰቆጣ የሚፈረም ማንኛውም የመንገድ ውል ከኪሎ ሜትሩ በፊት ሊመልሳቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ተቋራጩ ከርክክብ በኋላ ለጉድለቱ የሚጠየቅበት ጊዜ በቀን ሳይሆን በክረምት ይቆጠር፣ ቢያንስ ሁለት ክረምት ይሁን፤ በጥር ተረክቦ በጥር የሚያበቃ አንድ ዓመት መንገዱን አንድ ጊዜ ብቻ ይፈትነዋል። በአንዳንድ መስመሮች እንደተሞከረው ተቋራጩ ገንብቶ ለዓመታት ራሱ እንዲጠግን የሚያስገድድ ውል ቢሆን ደግሞ የበለጠ ነው፤ ቦይ አጓድሎ ያተረፈው ገንዘብ በራሱ ኪስ ላይ ይመለሳልና። ከመንገዱ በላይ ያለው ኮረብታ አስፋልቱ ከመነጠፉ በፊት ባሉት ሁለት በጋዎች በእርከን ይታከም፤ ወጪውም የመንገዱ ወጪ ሆኖ ይያዝ፣ ለግብርና መሥሪያ ቤቱ መልካም ፈቃድ አይተው። እያንዳንዱ ካልቨርት ውኃውን ለማን እንደሚሰጥ በንድፉ ላይ ይጻፍ፤ ውኃው የሚደርሰው የማሳ ባለቤትም ንድፉ ሳይጸድቅ በፊት ተጠርቶ ይጠየቅ።